ከ«አለ» የሚሸሽ ብዕር

በትርጉም ድርሰቶች ላይ የሚሰነዘረው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ በስሞች ላይ ያተኩራል። ለባዕድ ዕቃ፣ ለባዕድ ተክል፣ ለባዕድ ፅንሰ ሐሳብ ምን ዓይነት አማርኛ ተሰጠው የሚለው ጥያቄ ብዙ ቀለም አስፈስሷል። ግሱ ግን፣ በተለይም ተራው ግስ፣ ሳይመረመር ያልፋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ልብ ወለዶችና ዜናዎች ውስጥ ደጋግመው ከሚመጡት ግሶች አንዱ «ሴይ» የተሰኘው ነው። ፍቺው «አለ» ነው፤ ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ቀላልነት ነው። ተርጓሚው ይህንኑ ቃል በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ሲያገኘው የብዕሩ ድህነት የተጋለጠ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይሸሸዋል። «ተናገረ» ይላል፤ «ገለጸ» ይላል፤ ሲብስም «አስገነዘበ» ይላል። ይህ ሽሽት ከየት እንደመጣና አማርኛውን ምን እንዳስከፈለው መመርመር ተገቢ ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ተግባር የሰበሰባቸው ቃላት በእርግጥ ብዙ ናቸው። «ሴይ»፣ «ቴል» እና «ስፒክ» የጥንቱ የአገሬው ቃላት ናቸው። «ቴል» መነሻው መቁጠር እንደነበረ የሚመሰክረው፣ በባንክ መስኮት ገንዘብ የሚቆጥረው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ከዚሁ ግስ በወጣ ስም መጠራቱ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረዥም ዘመን ፈረንሳይኛ ስለነበረ፣ «ዲክሌር»፣ «አናውንስ»፣ «ፕሮናውንስ»፣ «አፈርም» የመሳሰሉት የላቲን ዘሮች በፈረንሳይኛ በኩል ገቡ። በዚህም ምክንያት በእንግሊዝኛ ገበሬው «ሴይ» ሲያደርግ ዳኛው «ፕሮናውንስ» ያደርጋል። ከታች ደግሞ ድምፅን የሚመስሉት «ዊስፐር»፣ «መተር»፣ «መርመር»፣ «መምብል» ተሰልፈዋል። እንግሊዝኛ የንግግሩን ሥልጣንም ሆነ የድምፁን ከፍታ በአንድ ግስ ውስጥ ጠቅልሎ ይይዛል።

ይህን ሀብት በመደዳ ያሰለፈው ሰው ሐኪም ነበር። ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1805 ለግል አገልግሎቱ የጀመረውን የቃላት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1852፣ በ73 ዓመት ዕድሜው፣ ለንደን ላይ አሳተመው። የመጽሐፉ መጠሪያ በግሪክኛ ግምጃ ቤት ማለት ነው። ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና በስድስት ዐበይት ክፍሎችና በ1,000 ርእሶች ሥር አደላደላቸው። ለቃላቱ ግን ፍቺ አልሰጠም። ሮዤ አንባቢው ቃላቱን አስቀድሞ እንደሚያውቃቸውና ግምጃ ቤቱ የረሳውን የሚያስታውስበት ብቻ እንደሚሆን ገምቶ የሠራ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ግን ይህን መጽሐፍ ወይም ከእርሱ የተቀዱትን ዝርዝሮች ሲከፍት፣ በአንድ መስመር የተሰለፉትን ሁሉ እኩያሞች አድርጎ ይወስዳቸዋል። አንዱ በአንዱ ቦታ ቢገባ ምንም የማይጎድል ይመስለዋል።

እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ራሳቸውም በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። በብዙ ትምህርት ቤቶቻቸው መምህራን ተማሪው «ሴድ» የሚለውን ቃል እንዳይደጋግም ምትክ ቃላትን ዘርዝረው ያስጠናሉ። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ የታተሙት የቶም ስዊፍት የልጆች መጻሕፍት ይህን ቃል ላለመድገም ያደረጉት ጥረት ኋላ የቀልድ መነሻ ሆኖ፣ በስማቸው የሚጠራ የቃላት ጨዋታ እስከ መፍለቅ ደርሷል። አሜሪካዊው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ኤልሞር ሌናርድም እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ባወጣቸው የአጻጻፍ ደንቦች፣ ምልልስን ከ«ሴድ» በቀር በሌላ ግስ መሸከም እንደማይገባ አስፍሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንባቢው «ሴድ»ን አያየውም፤ ዓይኑ ዘልሎት ወደሚቀጥለው ንግግር ያልፋል። የሌናርድ ደንብ ለእንግሊዝኛ ጠበቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ የሚሠራበት ምክንያት ግን ከእርሱ ምክንያት የተለየና የበለጠ ጥልቀት ያለው ነው።

የአማርኛው «አለ» የተወለደው ከግዕዙ «ብህለ» ነው። የጠፋው ባ «ብሎ»፣ «በል» እና «ባይ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ባህል» የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ግስ የወጣ ነው፤ ሲነገር የመጣ፣ አባቶች ያሉት ማለት ነው። አንድ የባህል ማኅበር በስሙ ውስጥ የተሸከመውን ግስ ተርጓሚው እንደ ደሃ ዘመድ ሲያፍርበት ማየት ያስገርማል።

ከዚህም ሌላ «አለ» በአማርኛ የሚሠራው ሥራ ከንግግር እጅግ የሰፋ ነው። ሰው ቁጭ ይላል፤ ብድግ ይላል፤ ቀስ ይላል፤ እሺ ይላል፤ እምቢ ይላል። ከሁሉ የሚደንቀው ዝም ማለቱ ነው፤ በአማርኛ ዝምታም የሚባል ነገር ነው። ግዑዙ እንኳ ይላል፤ በሩ አልከፈት ይላል፤ እርጥቡ እንጨት አልነድ ይላል። በሩ በራሱ አንደበት «አልከፈትም» ያለ ያህል ነው። በእንግሊዝኛው የ«ሴይ» ዝርዝር ውስጥ መቀመጥም፣ መነሣትም፣ ዝም ማለትም፣ የበር እምቢታም ቦታ የላቸውም። ሁለቱ ግሶች በአንዲት ነጥብ ላይ ተገናኝተው ከዚያ ወዲህና ወዲያ በየራሳቸው መንገድ የሚሄዱ ናቸው። የአንዱን ቤተሰብ በሌላው ልክ ለመቁረጥ መሞከር የስህተቱ መጀመሪያ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በእንግሊዝኛ «ዲክሌር» ወይም «ዊስፐር» ሲመጣ «ሴይ» ይወጣል፤ አንዱ የአንዱን ወንበር ይይዛል። በአማርኛ እንዲህ አይሆንም። የሰው ንግግር እንዳለ ሲጠቀስ ከሚከተለው ግስ ጋር የሚያያዘው በ«ሲል» ወይም በ«ብሎ» ነው፤ «ሲል» እና «ብሎ» ደግሞ ራሱ «አለ» ናቸው። «‹ነገ እመለሳለሁ› ሲል ተናገረ» የሚል ጸሐፊ ከ«አለ» አልሸሸም፤ «አለ»ን ትቶት የሄደ መስሎት ይዞት ሄዷል፤ በዚያ ላይ ሌላ ግስ ጭኖበታል። ሰውዬው አንድ ጊዜ የተናገረውን ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ያስነግረዋል። ሁለተኛው ግስ አዲስ ነገር ካመጣ፣ «ብላ ጠየቀችው»፣ «ብሎ ለመነ»፣ «ሲል ካደ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ዋጋውን ይከፍላል። ካላመጣ ግን ሸክም ነው።

ይህ ሸክም በምልልስ ላይ ሲቆለል ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት እናትና ከመንገድ የገባ ልጇ ይናገራሉ እንበል። በሸሺው ብዕር እንዲህ ይሆናል፦

«‹ማነው?› ስትል ጠየቀች። ‹እኔ ነኝ› ሲል መለሰ። ‹ግባ› ስትል ተናገረች። ‹ውሃ ስጪኝ› ሲል አሳሰበ። ‹ውሃ የለም› ስትል ገለጸች።»

ይህ የቃለ ጉባኤ አጻጻፍ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ጥም የለም፤ ጀርባውን ለግድግዳው የሰጠ ደካማ ልጅ የለም። ያው ነገር በተፈጥሮው ሲነገር ይህን ይመስላል፦

«‹ማነው?› አለች። ‹እኔ ነኝ።› ‹ግባ።› ገብቶ ቆመ። ‹ውሃ ስጪኝ› አላት። ‹ውሃ የለም› አለች፤ እንስራውን ዘንበል አድርጋ አሳየችው።»

በሁለተኛው ጽሑፍ «አለ» ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ የሚሰማው ግን እንስራው ነው።

ከድግግሞሽ የሚፈራው ሰው የዘነጋው ሌላ ነገርም አለ። እንግሊዝኛው «ሴድ» ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለሕፃንም፣ ለሽማግሌም፣ ለአንድም፣ ለብዙም አንድ ነው፤ ተናጋሪውን አይለይም፤ ለማን እንደተነገረም አይናገርም። አማርኛው ግን አለ፣ አለች፣ አሉ፣ አላት፣ አለችው፣ አሉኝ እያለ ተናጋሪንና ተነጋጋሪን በአንድ ቃል ያሳያል። አንድ ባል፣ አንዲት ሚስትና አንድ የነፍስ አባት ሲነጋገሩ ሦስቱ በግሱ ብቻ ይለያሉ፤ ስማቸው በየመስመሩ መጠራት እንኳ አያሻውም። ስለዚህ እንግሊዛዊውን ጸሐፊ የሚያሰለቸው ድግግሞሽ በአማርኛ እዚያው መጠን ላይ አይደርስም። ከጽሕፈቱ የሚመጣ አንድ ጣጣ ግን አይካድም፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖርን ይገልጻል፤ «አለው»ም እንደዚሁ ለእርሱ ነገረው ወይም ገንዘቡ ነው ይሆናል። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው በአገባቡ ይለያል። ለዚህም መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገሩን ማስተካከል እንጂ ግሱን ማባረር አይደለም።

ይኸው የአማርኛ ሀብት ተርጓሚውን ሊያመልጠው የማይችል ውሳኔ ውስጥ ይከተዋል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሽማግሌው ዘበኛም፣ ወጣቱ የፋብሪካ ባለቤትም እኩል «ሂ ሴድ» ናቸው። አማርኛው ለዘበኛው «አለ» ይበል ወይስ «አሉ»? ለባለቤቱስ? ዕድሜ ይከበር ወይስ ሀብት? ዘበኛውን «አለ»፣ ባለቤቱን «አሉ» ያደረገ ተርጓሚ ደራሲው ያልጻፈውን የመደብ ልዩነት ከራሱ ኪስ አውጥቶ ጨምሯል። በትርጉም ላይ የሚጻፍ ሂስ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ተርጓሚው ቃሉን ደገመ ወይስ አልደገመም የሚለው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል አማርኛ ለንግግር ሌላ ቃል የለውም ወይም አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ሞልቷል፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቤት አለው። «ነገረ» ሰሚ ይፈልጋል፤ ሰው ለብቻው ሊናገር ይችላል እንጂ ለብቻው ሊነግር አይችልም። «አወጋ» እና «አጫወተ» ጊዜና የተመቸ መቀመጫ ያላቸው ሰዎች ግሶች ናቸው። «ለፈፈ» አደባባይ ይወጣል። «ለፈለፈ»፣ «ቀባጠረ»፣ «ዘባረቀ» በተናጋሪው ላይ ፍርድ ይሰጣሉ፤ «ደሰኮረ»ም ዛሬ ያለ ፌዝ አይነገርም። «ሹክ አለችው» ምስጢር ነው፤ «አንሾካሾከ» ግን ሐሜት ይሸታል። እነዚህን በእኩያነት አሰልፎ መጠቀም ካባ፣ ጋቢና ኩታን አንድ ልብስ ናቸው ብሎ እንደመልበስ ነው።

በዚህ ረገድ «መተር» እና «መርመር» የሚባሉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ግሶች ብዙ ተርጓሚዎችን አደናቅፈዋል። ሁለቱም በዝቅተኛ ድምፅ መናገርን ያመለክታሉና ለሁለቱም «አጉረመረመ» የሚል ምላሽ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቅሬታ ስለሚያዘወትረው ብዙ ጊዜ ይስማማዋል፤ «አልጎመጎመ»ም ይሆነዋል። ሁለተኛው ግን የፍቅር ድምፅም ሊሆን ይችላል። አንድ ወጣት የሚወዳትን ልጅ ስም በሌሊት በለሆሳስ ሲጠራ «አጉረመረመ» ከተባለ፣ አማርኛ አንባቢ ልጁ ምን እንዳስቆጣው ለማወቅ ወደኋላ ገጽ ይመልሳል። «አንጎራጎረ» ቢባልም አይቀናም፤ ይህ ግስ በቅዱሳት መጻሕፍት አማርኛ በሙሴ ላይ የተነሣውን የሕዝብ ቅሬታ ሲያመለክት፣ በዕለት ኑሮ ደግሞ ወደ ዜማ ያዘነብላል። «ስሟን በለሆሳስ ጠራ» ማለት ይበቃ ነበር። አማርኛ የድምፁን መልክ ከግሱ ፊት ማስቀመጥ ይወዳል፤ እንግሊዝኛው በግሱ ውስጥ የደበቀውን አማርኛው አስቀድሞ ያወጣዋል።

አንዳንዴም ምትክ ፍለጋ የሄደው ሰው ዞሮ ዞሮ «አለ» በር ላይ ይደርሳል። «ኢንሲስት» የተባለው ግስ በትርጉም ሥራዎች «አጥብቆ አሳሰበ» ሲባል ይታያል። ሕዝቡ ግን «አልሄድም ብሎ ድርቅ አለ» ይላል። በዚህች አጭር ሐረግ ውስጥ «አለ» ሁለት ጊዜ አለ፤ ማንም ተደጋገመ አይልም።

ከልብ ወለዱ ይልቅ ጉዳቱ የሚከብደው ግን በዜና ላይ ነው። የዜና አማርኛ የሚወዳቸውን ግሶች አሠራር ለአንድ አፍታ መመልከት ያስፈልጋል። «አስታወቀ» እንዲያውቁ አደረገ ማለት ነው፤ «አስረዳ» እንዲረዱ አደረገ፤ «አስገነዘበ» እንዲገነዘቡ አደረገ፤ «አሳሰበ» እንዲያስቡ አደረገ። ሁሉም በሰሚው ላይ የደረሰ ውጤት የሚያውጁ ግሶች ናቸው። «ገለጸ»ም ተሸፍኖ የነበረን ነገር ከፈተ ማለት ነው። አንድ ኃላፊ ለአንድ ሰዓት ተናግሮ፣ ግማሹ ተሰብሳቢ አንቀላፍቶ ቢሆን እንኳ፣ ዘጋቢው «አስገነዘቡ» ብሎ ሲጽፍ ተሰብሳቢው ሁሉ መገንዘቡን መስክሯል። እንግሊዝኛው «ስቴት» ይህን ምስክርነት አይሰጥም፤ ሰውዬው ተናገረ ብቻ ነው የሚለው። እነዚህ ግሶች የ«አለ» ተመሳሳዮች ተደርገው መቆጠራቸው እንግዲህ የቋንቋ ስህተት ብቻ ሳይሆን የእውነትም ጉድለት ነው።

ተቃራኒው ደግሞ በ«ክሌይም» ላይ ይደርሳል። እንግሊዛዊ ዘጋቢ ይህን ግስ ሲመርጥ ነገሩ እንዳልተረጋገጠለት፣ ኃላፊነቱን ለተናጋሪው እንደተወ ማመልከቱ ነው። በአማርኛ «ገለጸ» ተብሎ ሲተረጎም ጥርጣሬው ወደ ግልጽነት ይለወጣል፤ ያልተረጋገጠው ነገር የተገለጠ ይሆናል። አማርኛ ለዚህ የሚበቃ መሣሪያ አጥቶ አይደለም። «ባይ ነው» የሚለው አነጋገር አለ፤ ከጎረቤት የተሰማውን ወሬ «መጣ አሉ» ብሎ ከራስ ላይ የማውረድ ጥበብም አለ። ሁለቱም ዞሮ ዞሮ የ«አለ» ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ ግሶች ጋር የሚመጣው አገባብም ሊታለፍ አይገባም። «አለ» የተናጋሪውን «እኔ» ይጠብቃል፤ «ገለጸ» ግን «እንደ»ን አስከትሎ ተናጋሪውን ሦስተኛ ሰው ያደርገዋል። አንድ አርሶ አደር ለዘጋቢ «ማዳበሪያው ዘንድሮም ዘገየብኝ፤ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?» አሉ እንበል። በዜናው ላይ «የማዳበሪያ አቅርቦት መዘግየት ችግር እንደፈጠረባቸው ገለጹ» ተብሎ ይወጣል። ልጆቹ ጠፉ። ጥያቄው ጠፋ፤ ጥያቄ ከጠፋ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ሰው አያስፈልግም። የሰውዬው አንደበት በመሥሪያ ቤት አማርኛ ተተክቷል። ዘጋቢው ይህን ያደረገው በክፋት ሳይሆን ጽሑፉን ለማክበር አስቦ ነው፤ ለአርሶ አደሩ «አሉ» ከሚል ተራ ግስ ይልቅ ለባለሥልጣን የሚሰጠውን «ገለጹ» በመስጠት ያከበራቸው መስሎታል። ክብሩን ሰጥቶ ቃላቸውን ወሰደባቸው።

ጥፋቱን ሁሉ በመዝገበ ቃላት ላይ መጫን ግን ተገቢ አይሆንም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ቪስባደን ላይ ያሳተመው የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ቃልን በቃል ከመፍታት ይልቅ በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አግብቶ በማሳየቱ ከሌሎቹ ይለያል። አንድ የእንግሊዝኛ ግስ በአምስት ዓረፍተ ነገር አምስት የተለያየ አማርኛ ሊያስከትል እንደሚችል ተማሪው በዓይኑ ያያል። በአማርኛ በኩል ደግሞ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ቃላትን በየሥራቸው ሥር ስለሚሰበስብ፣ የአንድን ግስ ዘመዶች በአንድ ቤት አስቀምጦ ያሳያል። በሐሳብ ዝምድና የተደራጀ፣ ልዩነቱንም በምሳሌ የሚያስረዳ የአማርኛ ግምጃ ቤት ለሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱም መነሻ ይሆኑታል። የሮዤን ዝርዝር ተርጉሞ ማቅረብ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የእንግሊዝኛው መሳቢያዎች የአማርኛውን ዕቃ አይዙም።

የመድረክ ጸሐፊዎች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ ሲመልስ «አለ» ወይስ «ተናገረ» የሚል ጥያቄ አልገጠመውም፤ ቁጣውም ሹክሹክታውም በንግግሩ ውስጥና በተዋናዩ ጉሮሮ ውስጥ መገኘት ነበረበት። የልብ ወለድ ተርጓሚ ከዚህ የሚቀስመው ነገር አለ። ምልልሱ ራሱ ቁጣን ካልተሸከመ «ሲል በቁጣ ተናገረ» ብሎ ከኋላ መቀጠል ቁጣውን አይወልደውም።

ልብ ወለድ በድምፅ ሲነበብም ይኸው ይታያል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከበት ጊዜ፣ ሽማግሌውንም፣ ወጣቱንም፣ ሴቲቱንም በአንድ አንደበት ለይቶ ማሰማት ነበረበት። በእንዲህ ዓይነቱ ትረካ «አለ» እና «አለች» ተራኪው ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ወጥቶ ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት ትንፋሹን የሚሰበስብባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ጆሮ አይቆጥራቸውም። በትርጉም ሥራው የሚተማመን ሰው አንዱን ገጽ ለአንድ ጥሩ ተራኪ ሰጥቶ፣ «ሲል አሳሰበ» ከሚለው ላይ ሲደርስ የተራኪው ድምፅ የልጁን ጥም ትቶ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ሲገባ ማዳመጥ ይችላል።